ጠባብ ሕግ፥ ሰፊ ጥበብ
ስለ ጥንት ግሪኮች ጥቁር የሸክላ ሥዕል

ጥበብ ሁሉ ሕግ አለው። ሕጉ ሲጠብ ሰነፍ ይታሰርበታል፤ ብልህ ግን በጠበበው በር ገብቶ ሰፊ አዳራሽ ያገኛል። ከቅኔ ወገን አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ እንደ ሆነ፥ በነዚያም በሁለቱ ቤት ታላቅ ምስጢር ተጠቅልሎ እንዲገባ፥ በቅኔ ጉባኤ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ነገር ከዚህ የራቀ ይመስላል፤ ይኸውም ከጌታችን ልደት በፊት በሰባተኛውና በስድስተኛው መቶ ዓመት የግሪክ ሰዎች በሸክላ ዕቃቸው ላይ ይሥሉት የነበረው ጥቁር ሥዕል ነው። ዳሩ ግን ሕጉን መርምሮ ላየው ሰው ያው ነገር በዚያም ይገኛል።

ሁለት ወገን ሰዎች ይህን ሥዕል ሳይመረምሩ ያልፉታል። አንደኛው ወገን፥ የአረማውያን ተረት የተሣለበት ገል ለክርስቲያን ምን ይረባዋል ይላል። ሁለተኛው ወገን በከተማ የተማረው ነው፤ እርሱም የዛሬውን የአውሮፓ ሥዕል ስላየ፥ ይህ ጥላ የሌለው፥ ርቀት የማያሳይ፥ የሕፃን ሥራ የመሰለ ነው ብሎ ይንቀዋል።

ለፊተኛው ወገን መልሱ አጭር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ አቴና በገባ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም፤ የሚያመልኩበትን ሁሉ እየተዘዋወረ ተመለከተ፥ ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውንም መሠዊያ አግኝቶ ከዚያ ተነሥቶ አስተማራቸው። በስሙ የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስም ከግሪኮች መጻሕፍት ጥቅም የሚገኝበትን መንገድ ለወጣቶች ጽፎላቸዋል፤ ንብ ከአበባ ሁሉ የሚያሻትን ብቻ ቀስማ ሌላውን እንደምትተው እንዲያደርጉ መክሯቸዋል። ለሁለተኛው ወገን ግን መልሱ አጭር ሊሆን አይችልምና፥ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ለእርሱ መልስ ይሁነው። ከዚህ በታች የምንጠራው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስለ አገሩና ስለ ዘመኑ

ይህ የአሣሣል ስልት የተጀመረው በቆሮንቶስ ነው። ሐዋርያው ሁለት መልእክት የጻፈላት ከተማ፥ እርሱ ከመድረሱ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በባሕር ንግድ የበለጸገች ነበረች። ነጋዴዎችዋ ሽቱ ያለበት ዘይት በትናንሽ ብልቃጥ እያደረጉ በባሕር ዳር ላሉ አገሮች ሁሉ ይሸጡ ነበር። ሠዓሊዎችዋም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ አዲስ ብልሃት አወጡ። ከዚያ አስቀድሞ ሠዓሊ የአንበሳን ወይም የሰውን ቅርጽ በቡርሽ መሥመር ከብቦ ይሥል ነበር። እነርሱ ግን መላውን አካል በጥቁር ሞልተው ከሣሉ በኋላ ዓይኑን፥ ጐፈሩን፥ ጡንቻውንና የልብሱን እጥፋት በሹል ነገር እየጫሩ አወጡት። መጫሪያው ጥቁሩን ሲፍቀው ከሥር የሸክላው መልክ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። ይህን ብልሃት ከነሐስ ቀራጮች የተማሩት ይመስላል።

የአቴና ሰዎች በ620 ዓመት ገደማ ከቆሮንቶስ ተቀበሉት። ደቀ መዝሙር መምህሩን እንደሚያልፍ፥ መቶ ዓመት ሳይሞላ አቴና ቆሮንቶስን አለፈቻት። የአቴና ሸክላ ሠሪዎች በአንድ ሰፈር አብረው ይኖሩ ነበር፤ ሰፈሩም ኬራሜይኮስ ይባላል። አውሮፓውያን ዛሬ የሸክላን ሥራ የሚጠሩበት ስም ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ሥር ነው። ከአቴና ሠዓልያን ስሙን በዕቃው ላይ ጽፎ ለእኛ የደረሰው የመጀመሪያው ሰው ሶፊሎስ ነው፤ የነበረበትም ዘመን 580 ዓመት ገደማ ነው።

ዘመኑን ከመጻሕፍት ጋር ብናስተያየው ይበልጥ ይገባናል። አቴና ይህን ጥበብ በተቀበለችበት ዘመን ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ይተነብይ ነበር። እርሱም ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ በመንኰራኵር የሚሠራውን ሥራ አይቷል። ጥበቡ ከፍጻሜው በደረሰበት ዘመን ደግሞ፥ በ539 ዓመት፥ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ፤ ምርኮኞችም ወደ አገራቸው ይመለሱ ዘንድ ተፈቀደላቸው። ስለዚህ ይህ ሸክላ የነቢያት ዘመን ሸክላ ነው።

ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ ሳይሰበሩ የተገኙት በግሪክ ሳይሆን በኢጣልያ ነው። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን የአቴናን ሸክላ በብዙ ዋጋ እየገዙ ከሙታናቸው ጋር በዋሻ መቃብር ያኖሩት ነበርና፥ በ1828 ዓ. ም. ቩልቺ በምትባል ስፍራ መቃብሮቹ መከፈት በጀመሩ ጊዜ በሺህ የሚቈጠር ዕቃ ወጣ።

ስለ ጭቃውና ስለ እሳቱ

ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ጥቁሩ ቀለም ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለም አይደለም፤ ያው ጭቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የአቴና አፈር ብረት የበዛበት ነው። ሸክላ ሠሪው አፈሩን በውሃ በጥብጦ ያስቀምጠዋል፤ ሻካራው ወደ ታች ይዘቅጣል፥ የላመው ከላይ ይቀራል። ሻካራው ለዕቃው አካል ይሆናል። የላመውን ደግሞ እንደ ገና አጥልሎ እንደ ሐር እስኪለሰልስ ድረስ ያዘጋጀዋል፤ ሠዓሊው የሚሥልበት ይህ ነው። ገና ሳይተኰስ መልኩ ጥቁር ሳይሆን ቀላ ያለ ቡናማ ነውና፥ ሠዓሊው ጥቁሩን በዓይኑ ሳያይ በልቡ እያሰበ ይሥል ነበር።

ጥቁሩን የሚያወጣው እሳቱ ነው፤ እሳቱም በአንድ መተኰሻ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። በመጀመሪያ እቶኑ ነፋስ እንዲገባበት ክፍት ሆኖ እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ያን ጊዜ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እንደ ዝገት ቀይ ይሆናል፤ ዕቃውም ሥዕሉም ሁሉ ቀይ ነው። በሁለተኛው ነፋስ መግቢያው ይዘጋል፥ ርጥብ እንጨት ይጨመራል፥ እቶኑ በጢስ ይታፈናል፥ ሙቀቱም ከ900 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ነፋስ ያጣው እሳት ከብረቱ ዝገት ውስጥ ያለውን ነፋስ ስለሚወስድ ሁሉም ይጠቍራል። በዚሁም ሰዓት የላመው ጭቃ ቀልጦ እንደ ብርሌ ይጋጠማል። በሦስተኛው ሙቀቱ እየበረደ ሲሄድ መግቢያው ይከፈታል፤ ነፋስም ተመልሶ ይገባል። ሻካራው አካል ነፋሱን ስቦ እንደ ገና ይቀላል፤ የተጋጠመው ሥዕል ግን ነፋስ ሊያሳልፍ አይችልምና ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል።

እነሆ አንድ አፈር፥ አንድ እሳት፥ ሁለት መልክ። መግቢያውን የሚከፍተው ሰው ጥቂት ቢዘገይ ወይም ጥቂት ቢቸኵል የብዙ ቀን ሥራ ይበላሻል። በቆሮንቶስ አጠገብ ፔንቴስኩፊያ በምትባል ስፍራ የተገኙ ትናንሽ የሸክላ ገበታዎች እቶኑን፥ ሠራተኞቹንም ሳይቀር ሥለው ያሳያሉ። ጥንታውያኑ ግን የብልሃቱን ምስጢር በጽሑፍ አላስቀሩልንም፤ የኋላ ሰዎች ብዙ ከደከሙበት በኋላ ቴዎዶር ሹማን የተባለ ጀርመናዊ በ1942 ዓ. ም. መንገዱን ገለጠው።

ስለ ሥዕሉ ሕግ

የሠዓሊው መልክ እጅግ ጥቂት ነው። ጥቁሩና የሸክላው ቀይ ዋናዎቹ ናቸው። በላያቸው ከጥሩ ነጭ አፈር የሚወጣ ነጭ፥ ደግሞም ጠይም ቀይ ይጨመራል። ወንድ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ሴት ሁሉ ነጭ ናት። የወንድ ዓይን ክብ ነው፥ የሴት ዓይን እንደ ለውዝ ፍሬ ረዘም ያለ ነው። ጠይም ቀዩ ለጢም፥ ለልብስና ለፈረስ ጋማ ይሆናል። ሰማይ የለም፥ ተራራ የለም፥ ጥላ የለም፤ ሰዎቹ የሚቆሙበት አንድ ቀጭን መሥመር ብቻ አለ። ፊት ሁሉ በጐን ነው፤ ዓይኑ ግን ሙሉ ሆኖ ይታያል።

በዚህ ላይ ገበታው ጠፍጣፋ አይደለም። ዕቃው ሆዱ የሰፋ፥ አንገቱ የጠበበ፥ በግራና በቀኝ ጆሮ ያለው ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ሰውን በዕቃው ላይ ሲሥል፥ የሰውየው ጀርባ ከዕቃው ጐባጣ ጋር እንዲስማማ፥ ጦሩና ክንዱም ወደ ጆሮው እንዲያመለክት ማድረግ ነበረበት። አለዚያ ሥዕሉ ከዕቃው የሚወድቅ ይመስላል። መጫሪያውም ርኅራኄ የለውም፤ የተጫረ መሥመር እንደ ቀለም አይደመሰስም።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሙሉ ፊታቸውን ይዘው በሁለት ዓይን ይመለከቱናል፤ በጐን የሚሣለው አንድ ዓይና ክፉው ነው። በግሪኮች ሕግ ግን ጐን ፊት ለሁሉም የተለመደ ነው፤ ፊቱን ወደ ተመልካች የሚመልሰው ጥቂት ነው። እርሱም አስፈሪዋ ጐርጎን፥ ወይም ሊሞት የቀረበ ሰው፥ ወይም ሠዓሊው ከሌሎቹ ለይቶ ሊያሳየን የፈለገው ነው። ሕጉ የተለያየ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ የፊት አቅጣጫ ቃል ነው፥ ይናገራል። ይህን ቃል ሳይማር ሥዕሉን የሚነቅፍ ሰው፥ ግእዝ ሳይማር ቅኔ እንደሚነቅፍ ሰው ነው።

ስለ ክሊቲያስ ማቀላቀያ

በ1844 ዓ. ም. አሌሳንድሮ ፍራንስዋ የተባለ ሰው በኢጣልያ በኪዩሲ አጠገብ ከአንድ የኤትሩስካውያን መቃብር የአንድ ትልቅ ዕቃ ስባሪ አወጣ። ዕቃው ወይንና ውሃ የሚቀላቀልበት ነው፤ ግሪኮች ወይንን ያለ ውሃ አይጠጡም ነበርና። ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተሠራውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 ዓመት ገደማ ነው። ኤርጎቲሞስ እንደ ሠራው፥ ክሊቲያስም እንደ ሣለው ሁለቱም ስማቸውን ሁለት ሁለት ጊዜ ጽፈውበታል። ዛሬ በፍሎሬንስ ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል።

በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ወደ 270 የሚደርስ ሰውና እንስሳ ተሥሏል፤ ከ100 የሚበልጥ ስምም በየአጠገባቸው ተጽፏል። እንዲህ ያለ ብዛት ያለ ሥርዐት ቢሆን ገበያ ይሆን ነበር። ክሊቲያስ ግን ዕቃውን እንደ መቀነት በዙሪያው በስድስት ረድፍ ከፈለው፤ በየረድፉም ታሪኩን አኖረ። የዱር እሪያ አደን አለ፤ የሠረገላ እሽቅድምድም አለ፤ ከእግሩም ላይ ድንክ ሰዎች ከወፎች ጋር ይዋጋሉ። ከሁሉ የሚሰፋውና የዕቃውን ዙሪያ በሙሉ የያዘው ረድፍ የፔሌዎስና የቴቲስ ሠርግ ነው። ከዚህ ጋብቻ የሚወለደው አኪሌስ ነው፤ እርሱም ከግሪክ ጀግኖች ሁሉ የሚበልጠው፥ ዕድሜው ግን አጭር የሆነው ሰው ነው።

የሠርጉ እንግዶች ሁሉ ጐን ለጐን በሥርዐት ይሄዳሉ፤ ፊታቸውም ወደ ሙሽሮቹ ቤት ነው። በመካከላቸው የወይን አምላክ ያሉት ዲዮኒሶስ ትልቅ እንስራ በትከሻው ተሸክሞ ጐንበስ ብሎ ሲሄድ ፊቱን ወደ እኛ ይመልሳል። በሠርግ መካከል አንዱ ድንገት ዞር ብሎ ቢያይህ እንደምትደነግጥ እንዲሁ ያስደነግጣል። የዚህን ምክንያት ለማወቅ ዓይንህን ወደ ዕቃው ጆሮ አንሣ። በሁለቱም ጆሮ ላይ አያክስ የተባለው ጀግና የአኪሌስን ሬሳ ተሸክሞ ተሥሏል። ከታች በሆዱ ላይ የወላጆቹ ሠርግ፥ ከላይ በጆሮው ላይ የልጁ ሬሳ። ዕቃውን ለማንሣት ጆሮውን የሚይዝ ሰው እጁ በሞቱ ላይ ያርፋል። ክሊቲያስ ይህን ነገር በአንድ ቃል አላስረዳም፤ ቦታውን በመምረጥ ብቻ ተናገረ። የሥዕል አደራደር የሚባለው ይህ ነው።

የዕቃው ዕጣም እንደ ሥዕሉ ኀዘን አላጣም። በ1900 ዓ. ም. አንድ የቤተ መዘክሩ ዘበኛ ተቈጥቶ የእንጨት ወንበር ቢወረውርበት 638 ስባሪ ሆነ። በ1902 ዓ. ም. ተጋጥሞ ቆመ፤ በ1966 ዓ. ም. ደግሞ የፍሎሬንስ ወንዝ ሞልቶ ጐዳው፥ ዳግመኛም ተጠገነ። ጭቃ ቢሆንም ከብዙ መንግሥታት ይልቅ ቆየ።

ስለ ኤክሴኪያስ

የዚህ ጥበብ ራስ ግን ኤክሴኪያስ ነው። ከ545 እስከ 530 ዓመት ገደማ በአቴና ይሠራ ነበር፤ ሸክላ ሠሪም ሠዓሊም ነው። ክሊቲያስ 270 ምስል ያስፈለገውን ያህል ነገር፥ እርሱ በሁለት ሰው፥ ኋላም በአንድ ሰው ተናገረው።

በቫቲካን የሚገኘው እንስራው በቩልቺ የተገኘ ነው። ራሱ ሠርቶ ራሱ እንደ ሣለው ጽፎበታል። በላዩ አኪሌስና አያክስ በጦርነት መካከል ዕረፍት አግኝተው በአንድ ዝቅተኛ ሣጥን ፊት ተቀምጠው የገበታ ጨዋታ ይጫወታሉ። ይህን ጨዋታ ሆሜሮስ አልጻፈውም። ሁለቱም ጐንበስ ብለዋል፤ የጀርባቸው ጐባጣ ከእንስራው ጐባጣ ጋር አንድ ነው። ሁለት ሁለት ጦር ይዘዋል፤ ጦሮቹ ከላይ ከየጆሮው በኩል ተንጋደው ይወርዱና ዓይናችንን መርተው ከጨዋታው ላይ ያደርሱታል። በካባቸው ላይ ያለው ጥልፍ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ነው፤ ኮከቡና አበባው እንደ ብር ሥራ ደቃቅ ነው።

እኩያ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እኩያ አይደሉም። አኪሌስ የራስ ቍሩን እንደ ደፋ ነው፥ ስለዚህ ከፍ ብሎ ይታያል። የአያክስ የራስ ቍር ከኋላው በጋሻው ላይ ተቀምጧል። ከአፋቸውም አጠገብ የጣሉት ቍጥር ተጽፏል፤ አኪሌስ አራት፥ አያክስ ሦስት። አያክስ ዘወትር ሁለተኛ ነው፤ በጨዋታም ሁለተኛ ነው። ይህን እንስራ የሚያየው የአቴና ሰው ሁሉ የሚመጣውን ያውቃል። አኪሌስ ይሞታል፤ ሬሳውን አያክስ ይሸከመዋል፤ የሟቹ የጦር ዕቃ ለአያክስ መሰጠት ሲገባው ለኦዲሴዎስ ይሰጣል፤ አያክስም ከእፍረት የተነሣ አእምሮውን ስቶ ከብቱን ጠላት መስሎት ያርዳል፥ ወደ ልቡም ሲመለስ ራሱን ይገድላል። ይህ ሁሉ በጨዋታው ውስጥ በአንድ ቍጥር ልዩነት ተቀምጧል።

ያው ሠዓሊ የአያክስን ፍጻሜ በሌላ እንስራ ሥሎታል፤ እርሱም በፈረንሳይ አገር በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ ይገኛል። ከእርሱ በፊት የነበሩ የቆሮንቶስ ሠዓልያን አያክስን በሰይፉ ላይ ወድቆ፥ ሰይፉም በሆዱ አልፎ በጀርባው ወጥቶ ይሥሉት ነበር። ኤክሴኪያስ ያን ሰዓት ትቶ ከእርሱ በፊት ያለውን መረጠ። አያክስ ብቻውን ቍጢጥ ብሎ የሰይፉን እጀታ በትንሽ የአፈር ክምር ውስጥ ይተክላል፤ ስለቱ ወደ ላይ ነው። ችግኝ እንደሚተክል ገበሬ አፈሩን በእጁ ይደለድላል። ከኋላው አንድ ዘንባባ ቆሟል። ከፊቱ ጋሻው፥ ጦሮቹና የራስ ቍሩ ተቀምጠዋል፤ ሰው ያህል ሆነው የሚያዩት ይመስላሉ። በግንባሩ ላይ ጥቂት የተጫሩ መሥመሮች አሉ፤ የኀዘኑ ምልክት ይህ ብቻ ነው።

ደም የለም፥ ሬሳ የለም፥ የሚያለቅስ ሰው የለም። ከአያክስ ራስ በላይ ያለው ስፍራ ባዶ ነው። በዚህ ጥበብ ሕግ ሰማይና ተራራ እንደማይሣል አስቀድመን ተናግረናል፤ ሌላ ሠዓሊ ያን ባዶነት በአበባና በወፍ ይሞላው ነበር። ኤክሴኪያስ ግን ባዶውን ብቸኝነት አደረገው። ሕጉ የከለከለውን ነገር ለሥራው መሣሪያ አደረገ ማለት ነው።

ራስን መግደል በሃይማኖታችን ከባድ ኀጢአት ነው፤ ይህን ሥዕል የምናደንቀው ያን ለማመስገን አይደለም። ሠዓሊውም አላመሰገነውም። ነገር ግን ነፍስን የሚጠብቅ አባት ይህን ሥዕል ቢመለከት ያውቀዋል። በኀዘን የተያዘ ሰው ሁልጊዜ አይጮኽም፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ እጁን በሥራ እንዳስያዘ ይገኛል። አያክስ ገና አልሞተም፤ ሰይፉ ገና አልጸናም፤ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ደርሶ ስሙን ቢጠራው ይተርፍ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ የሚደርስለት አልተገኘም። የሚያየው ሁሉ ግን፥ ልደርስለት በቻልሁ፥ ይላል። ሬሳውን የሣሉት ሠዓልያን ፍርሃትን አስተማሩ፤ ኤክሴኪያስ ርኅራኄን አስተማረ።

ስለ ሜምኖንና ስለ ጥቁር መልክ

በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ለኤክሴኪያስ የሚሰጥ አንድ እንስራ አለ፤ እርሱ ደግሞ እኛን የሚነካ ነገር አለው። በአንድ ወገን አኪሌስ ፔንቴሲሌያ የተባለችውን ሴት ተዋጊ ሲገድል ይታያል። በሌላው ወገን የኢትዮጵያ ንጉሥ ሜምኖን በሁለት ኢትዮጵያውያን ጭፍሮች መካከል ቆሟል። ሜምኖን በግሪኮች ተረት የንጋት ልጅ ነው፤ ለትሮያ ሰዎች ረዳት ሆኖ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ወደቀ።

እዚህ ላይ የጥበቡ ሕግ ለሠዓሊው እንቈቅልሽ ሆነበት። ወንድ ሁሉ ጥቁር ሆኖ በሚሣልበት ሥዕል ጥቁር ሰው በምን ይታወቃል? አኪሌስ ጥቁር ነው፥ አያክስም ጥቁር ነው፥ የአቴና ሰውም ሁሉ ጥቁር ነው፤ ጥቁርነት በዚህ ሥዕል የወንድ ምልክት ነው እንጂ የዘር ምልክት አይደለም። ስለዚህ ኤክሴኪያስ መልክን ትቶ መሥመርን ያዘ። የጭፍሮቹን አፍንጫና ከንፈር በጐናቸው ቅርጽ፥ ከርዳዳ ጠጕራቸውንም በመጫሪያው አሳየ። የኢትዮጵያን ሰው የለየው በጥቁሩ ሳይሆን ጥቁሩን በመፋቅ ነው። ንጉሡን ግን እንደ ግሪክ ጀግና ሙሉ የጦር ልብስ አልብሶ፥ በእነርሱው መልክ ሣለው፤ በተረታቸው ከአኪሌስ ጋር የሚተካከል ነውና።

በግሪኮች አፍ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን፥ ፊቱ የጠቈረውን ሕዝብ ሁሉ የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ይህ ሥዕል የእኛን አገር ብቻ ያመለክታል ብለን ልንመካ አይገባም። ቢሆንም ስሙ ከጥንት ጀምሮ ከክብር ጋር ይነሣ እንደ ነበር ሥዕሉ ይመሰክራል።

በዕቃው ላይ ስማቸውን ያልጻፉ ሠዓልያን ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ጆን ቢዝሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ (1885–1970) የጆሮን፥ የእጅንና የጕልበትን መሥመር እያስተያየ የእያንዳንዱን እጅ ለይቶ በ1956 ዓ. ም. በትልቅ መጽሐፍ አወጣው። የቅኔ መምህር ባለቤቱ ሳይነገረው ቅኔውን ሰምቶ፥ ይህ የእገሌ ነው፥ እንደሚል ያለ ዕውቀት ነው።

ስለ ፍጻሜው

በ525 ዓመት ገደማ በአቴና ነገሩ ተገለበጠ። ሠዓልያን ሰውየውን በሸክላው ቀይ መልክ ትተው ዙሪያውን አጠቈሩት፤ ዝርዝሩንም በመጫር ፈንታ በቡርሽ ሣሉት። በሙኒክ የሚገኝ አንድ እንስራ ሄራክሌስን በጋደመበት በአንድ ወገን በጥቁር፥ በሌላው ወገን በቀይ ያሳያል፤ አሮጌውና አዲሱ በአንድ ዕቃ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። አዲሱ ስልት ለሰውነት መዞርና መተጣጠፍ ይመች ነበርና አሸነፈ። ይሁን እንጂ በአቴና በዓል ለሚያሸንፉ ሯጮችና ታጋዮች የዘይት ሽልማት የሚሰጥበት እንስራ ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት በጥቁሩ ስልት ይሣል ነበር። ለአምልኮ የተለየ ነገር የአባቶችን ወግ ቶሎ እንደማይለቅ በዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የተማረው ወንድማችን፥ ጥላ የለውም፥ ርቀት የለውም፥ ያለው ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የጐደለው ሥዕል፥ ሠርግንና ሞትን በአንድ ዕቃ አስተያየ፤ የሰውን ዕድል በአንድ ቍጥር ልዩነት አሳየ፤ ባዶ ስፍራን ኀዘን አደረገ። ጥላና ርቀት ቢኖረው ኖሮ ከዚህ የበለጠ ምን ይናገር ነበር? ሥራ የሚመዘነው በራሱ ሕግ ውስጥ ምን እንዳደረገ ታይቶ ነው፤ ከሌላ አገር በተበደረ ሚዛን አይደለም።

ይህ ምክር በቅርባችን ላለውም ነገር ይሆናል። በቤተ መቅደሳችን ግድግዳ የአባቶቻችን ሥዕል አለ፤ ዓይኑ የጐላ፥ ጥላ የሌለው፥ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ፥ ይህ አሮጌ ነው፥ እየተባለ ይነሣና በፋብሪካ የታተመ ወረቀት በፋንታው ይሰቀላል። ግሪኮች የተውትን ጥበብ እንኳ የዓለም ሊቃውንት 638 ስባሪ ለቅመው አጋጥመው ይጠብቁታል። የእኛስ ገና ሳይሰበር በእጃችን ነው። የሚያነሣው ሰው ከማንሣቱ በፊት ሕጉን ይማር፤ ፊቱ ለምን ወደ እርሱ እንደ ተመለሰ፥ ዓይኑም ለምን እንደ ጐላ ይጠይቅ። ከተማረ በኋላ ለማንሣት እጁ የሚታዘዘው አይመስለንም።